ሶፋር ቻናል ምንድን ነው? የዓሣ ነባሪ ድምፅስ በምን ይገባበታል?

ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ከሚጓዘው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ፍጥነቱ ግን እንደ ጥልቀቱ ይለያያል። ውሃው በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ 100 ሜትር በተወረደ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ 1.7 ሜትር ገደማ ይጨምርለታል። ላይኛው ክፍል ላይ ቅዝቃዜው ያይላል፣ ታች ግን ግፊቱ። ከምድር ወገብም ከዋልታም ራቅ ባሉ ውቅያኖሶች 1,000 ሜትር አካባቢ ሲደረስ ድምፅ ከየትኛውም ጥልቀት ይልቅ ይዘገያል። ሶፋር ቻናል የሚባለው በዚህ ጥልቀት ዙሪያ ያለው የውሃ ንብርብር ነው።

ድምፅ ሁልጊዜ የሚታጠፈው ፍጥነቱ ወደሚያንስበት ወገን ነው። ስለዚህ ከንብርብሩ ወደ ላይ ያመለጠው ወደ ታች፣ ወደ ታች ያመለጠውም ወደ ላይ ይመለሳል፤ ከባሕሩ ወለልም ከገጹም ሳይላተም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1960 አውስትራሊያ ፐርዝ አጠገብ የፈነዳ ፈንጂ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ እስካለችው ቤርሙዳ ድረስ የተሰማው በዚሁ መንገድ ነው።

ፊን የሚባለው ዓሣ ነባሪ 1 ሰከንድ ገደማ የሚቆይ፣ 20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) የሆነ ወፍራም ምት ያሰማል። የባሕር ውሃ 10,000 ኸርዝ ድምፅን በየኪሎሜትሩ 1 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይመጥጠዋል፤ ከ20 ኸርዝ ግን የሚወስደው ከምንም አይቆጠርም። የሚያደክመው መበተኑ ነው። ምቱ ከምንጩ 1 ሜትር ላይ 189 ዴሲቤል ገደማ ነው (ከአየር ዴሲቤል ጋር ለማነጻጸር 62 ያህል ይቀነስለታል፤ ይህን የሚዘነጉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው)። በሁሉም አቅጣጫ ከተበተነ 1,000 ኪሎሜትር ላይ 120 ዴሲቤል አጥቶ 69 ይቀረዋል፤ ይህም በመርከብ ጫጫታ በቀላሉ ይዋጣል። ከመጀመሪያው ኪሎሜትር በኋላ ንብርብሩ ውስጥ ከታጠረ ግን የሚያጣው 90 ብቻ ስለሆነ 99 ይተርፈዋል።

ዓሣ ነባሪው ግን ለመጮኽ እስከ 1,000 ሜትር ይጠልቃል የሚባለው ልክ አይደለም። ፊንም ሰማያዊው ዓሣ ነባሪም በአብዛኛው የሚጮኹት ከ40 ሜትር ባልዘለቀ ጥልቀት ነው። ገጹ ላይ ተጠግተው ቢጮኹም አያዋጣም፦ ከገጹ የሚመለሰው ሞገድ ተገልብጦ ስለሚመጣ ዋናውን ያጠፋዋል። የ20 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 75 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የዚህ ሩብ፣ ማለትም 19 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት ይበጃል። ከዚያ ጥልቀት ድምፁ ወደ ንብርብሩ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ የአህጉር ጠርዝ ተዳፋት ነው፤ ድምፁ በተዳፋቱ ላይ ነጥሮ አግድም ይቃናል። ሁለተኛው የዋልታ ባሕር ነው፤ እዚያ ላይኛው ውሃ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ንብርብሩ ወደ ገጹ ይቀርባል።