እኩል ይሆናል የሚለው ምልክት፦ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ጥናት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚዘጋጅ ተማሪ ደብተር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በግራ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍቺ፣ መሐል ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት። ትጋቱ ያስመሰግናል፤ ጣጣው ያለው ምልክቱ ላይ ነው።

«እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ አለው»

«ፌመስ»ም «ኖቶሪየስ»ም «ታዋቂ» ተብለው ሊፈቱ ይችላሉ። ሁለተኛው ግን በክፉ ሥራ ስሙ የገነነን ሰው ነው የሚገልጸው። በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ መምህሩን «ኖቶሪየስ ፕሮፌሰር» ብሎ ያሞገሰ ተማሪ ሳያውቀው ስማቸውን አጥፍቷል።

«አድሬስ»ን ደግሞ ሁላችንም «አድራሻ» ብለን እናውቀዋለን። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድን ችግር አንሥቶ መፍትሔ መፈለግ ማለት ይሆናል። «ሳንክሽን» ይብሳል፤ እንደ አገባቡ ማዕቀብም ነው፣ ፈቃድም ነው። አንዱን ፍቺ ብቻ የያዘ አንባቢ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ ሊረዳው ይችላል።

ከፍቺ ሌላ ጉርብትናም አለ፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር ይሄዳል የሚለው። እኛ «ወፍራም ቡና» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ስትሮንግ» ብሎ ውፍረትን ለሾርባ ይተወዋል። ዝናብን ሲሆን ግን እኛም እነሱም «ከባድ» እንላለን። ለምን ብሎ መሟገት አያዋጣም፤ ቋንቋው የለመደው እንዲያ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ መስፈር ያለበት ቃሉ የተገኘበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ገጽ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

«የላቀ እንግሊዝኛ ማለት ብርቅ ቃላት ማለት ነው»

ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ያሉትን የአካዳሚክ ጽሑፍ ክምችት መርምረው በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንድ ዝርዝር አሳትመዋል። በዝርዝሩ ያሉት 570 የቃላት ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታውና ከተወላጆቹ ጋር) ብቻ ሲሆኑ፣ ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ገደማውን ይሸፍናሉ። «አናላይዝ»፣ «አሲዩም»፣ «ሲግኒፊካንት» ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። በእንግሊዝኛ የተማረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሦስቱንም ሲያያቸው ያውቃቸዋል። በራሱ ጽሑፍ ውስጥ በቦታቸው ማዋል ግን ሌላ ችሎታ ነው፤ የሚጎድለውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው።

ፈተናን በተመለከተ መለየት ያስፈልጋል። ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ የሚወሰደው ጂአርኢ ብርቅ ቃላትን በእርግጥ ይጠይቃል። የተቃራኒ ቃልና የምስስል ጥያቄዎች በ2011 ቢወጡም ባዶ ቦታ ማሟላቱ ቀርቷል ማለት አይደለም፤ እሱን የሚፈተን ሰው የብርቅ ቃላት ዝርዝር ቢያጠና አይጎዳም። የእንግሊዝኛ ችሎታን በሚለካው በአይኤልትስ የጽሑፍ ፈተና ግን የቃላት አጠቃቀም ከ4 መመዘኛዎች አንዱ ነው። ብዙም ያልተለመደ ቃል ነጥብ የሚያመጣው ቦታውን ሲያገኝ ነው፤ ድርሰቱ ላይ እንደ ጌጥ ሲደረደር ያስተዛዝባል።

«ሽምደዳ ጊዜው አልፎበታል»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ዘመናዊ ነን ባዮች ናቸው። ሽምደዳ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ በአንድ ሌሊት መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኢቢንግሃውስ ትርጉም አልባ ክፍለ ቃላትን በራሱ ላይ እየሞከረ የመርሳትን ፍጥነት በ1885 አሳትሟል፤ ጥናትን በተለያዩ ቀናት መከፋፈል እንደሚያዋጣም አሳይቷል። በ2006 ደግሞ አሜሪካውያኑ ሮዲገር እና ካርፒኪ ጽሑፍን ደጋግመው ያነበቡና ከንባብ በኋላ መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱ ተማሪዎችን አነጻጸሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያስታወሱት ቀደሙ። የአብነት ተማሪ የቃል ትምህርቱን መምህሩ ፊት ሳያይ ሲወጣ ኖሯል፤ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ፍቺውን በእጅ ሸፍኖ ራስን መጠየቅ ከበቂ በላይ መሣሪያ ነው።

«ሥርወ ቃሉን ያወቀ ፍቺውን አወቀ»

ይረዳል፤ ያሳስታልም። «ኢንቫሉዌብል» በመነሻው ላይ ያለው «ኢን» አፍራሽ ስለሆነ ዋጋ ቢስ ይመስላል፤ ፍቺው ግን ዋጋ የማይተመንለት ነው። «ኢንፍላመብል»ም እሳት የማይነካው ይመስላል፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው።

«ያልታወቀውን ቃል ከአገባቡ መገመት ይቻላል»

የሚቻለው ሌላው ቃል ሲታወቅ ነው። የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን ያለ እርዳታ ለማንበብ ከጽሑፉ ቃላት 98 በመቶ ያህሉ መታወቅ አለባቸው ከሚለው ተነሥተው ለዚህ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰቦች እንደሚያስፈልጉ አስልተዋል። 98 በመቶ ማለት ከ50 ቃላት አንድ ብቻ እንግዳ ሲሆን ነው። በየመስመሩ ሦስት እንግዳ ቃል ያለበትን ጽሑፍ ለጊዜው አስቀምጦ ቀለል ያለ መያዝ ይሻላል።

«እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ለጎበዞች ነው»

በ1978 የወጣው የሎንግማን መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን 2,000 ገደማ በሆኑ የተለመዱ ቃላት እንዲጻፉ ያደረገው ለተማሪ ብሎ ነው። የእንግሊዝኛ–አማርኛው ግን አይጣል፤ ለዕፅዋት፣ ለወፍ፣ ለመሣሪያ ስም ይቀድማል። «ታይም» የተባለውን ቅጠል በእንግሊዝኛ ከሚያብራራ ሦስት መስመር ይልቅ «ጦስኝ» ያለ ገላገለን።