«ፕሮፋይሌ ሎክ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ትልቅ የፌስቡክ ፔጅ ላይ ስለ ቤት ኪራይ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዲት ሴት ኮመንት ላይ የአከራይዋን ጉድ ዘረገፈችው። ሰፈሩን ጠቀሰች። ስንት እንደጨመሩባት ጻፈች። ግቢ ውስጥ ልብስ ማስጣት እንደከለከሏት ሳይቀር ተናገረች። አንድ ሰው አዘነላትና «እህቴ፣ ቢያዩብሽስ? አጥፊው ይቅርብሽ» አላት። ወዲያው ሌላ አስተያየት ሰጪ ከስር ገባ። «ፕሮፋይሏ ሎክ ነው እኮ። ጓደኛዋ ያልሆነ ሰው አያየውም። ዝም ብላችሁ አታስፈራሯት» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት።

እኔ የሴትየዋ ጓደኛ አይደለሁም። ግን ቁጭ ብዬ እያነበብኩት ነው። ላይክ ያደረጉለት ሰዎችም አብዛኞቹ አያውቋትም። ጽሑፏን እያነበቡ፣ አይታይም በሚለው ተስማሙ።

ሥራዬ የዲጂታል ደህንነት ስልጠና መስጠት ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሲስተም አስተዳዳሪ ነበርኩ። የማንን ፋይል ማን ይክፈት፣ ማን አይክፈት የሚለውን ስወስን ነው የኖርኩት። ስለዚህ ይህች «ሎክ ነው እኮ» የምትባል ነገር ስትደጋገም ዝም ማለት አቃተኝ። ሰው እንጀራውን ሲያጣባት አይቻለሁ።

ሎክ ማድረግ ጥሩ ነገር ነው። እኔም አድርጌያለሁ። በራሳችሁ ገጽ ላይ የለጠፋችሁትን ፖስትና ፎቶ ከጓደኞቻችሁ ውጪ ላለ ሰው ይዘጋል። ድሮ ፐብሊክ የነበሩ ፖስቶቻችሁን ወደ ጓደኞች ብቻ ይመልሳል። የማያውቃችሁ ሰው የፕሮፋይል ፎቷችሁን አተልቆ እንዳያይ ያደርጋል። በቃ። የሚቆለፈው ፕሮፋይሉ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ኮመንት ግን ፕሮፋይላችሁ ላይ አይደለም የሚኖረው። የሚኖረው ኮመንት የጻፋችሁለት ሰው ፖስት ላይ ነው። ማን ይየው የሚለውን የሚወስነው ፖስቱን የለጠፈው ሰው ነው። እሱ ፐብሊክ ካለው የናንተም ኮመንት ፐብሊክ ነው። እሱ ጓደኞቼ ብቻ ካለ፣ ኮመንታችሁን የሚያዩት የሱ ጓደኞች ናቸው። የናንተ ጓደኞች አይደሉም፣ የሱ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። አካውንቱ የኔ ስለሆነ፣ ስሜና ፎቶዬም ስላለበት፣ ኮመንቱም በኔ ሕግ የሚገዛ ይመስለናል።

የለቅሶ ድንኳን አስቡ። ቤታችሁን ቆልፋችሁ፣ ቁልፉን ኪስ ከታችሁ ለቅሶ ልትደርሱ ሄዳችሁ። ድንኳኑ መንገድ ዳር ነው የተተከለው። አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ ንፍሮ እየቆረጠማችሁ ስለ መሥሪያ ቤታችሁ ወሬ ጀመራችሁ። ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው አታውቁትም። ከኋላችሁ ማን እንዳለ አላያችሁም። አሁን «ቤቴ ቁልፍ ነው» ብትሉ ምን ይጠቅማችኋል? ቤታችሁ ተቆልፏል፤ እናንተ ግን ያላችሁት ድንኳኑ ውስጥ ነው። እዚያ ማን ይግባ የሚለው የባለ ድንኳኑ ጉዳይ ነው።

ታግ ማድረግ፣ ማለትም የሰውን ስም ፖስቱ ላይ ማያያዝ፣ ደግሞ የእድር ጡሩምባ ነው። የፖስቱ ባለቤት አንድ ሰው ታግ ሲያደርግ፣ ያ ሰው ብቻ ሳይሆን የዚያ ሰው ጓደኞችም ፖስቱን ሊያዩት ይችላሉ። እናንተ ገብታችሁ ስትቀመጡ አሥር ሰው ነበር። ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ሌላ ሰፈር መጥቷል።

ባለቤቱ የድንኳኑን ሸራ መግለጥም ይችላል። ግን ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያጥርብኛል። በእውነተኛው ድንኳን ሸራው ሲገለጥ ውጪ ያለው ሰው የሚሰማው ከዚያ ወዲያ የሚወራውን ነው። ፌስቡክ ላይ ግን ባለቤቱ የድሮ ፖስቱን ከ«ጓደኞች» ወደ «ፐብሊክ» ሲቀይረው፣ ከስሩ ያለው ኮመንት ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይገለጣል። ኮመንት ለጻፉት ሰዎች «ተከፍቷል» የሚል ማሳወቂያ አይደርሳቸውም።

የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይኼ ነው። ጓደኛዋ ስለ ደሞዝ መዘግየት አንድ ምሬት ጽፋ ነበር፣ ለጓደኞቿ ብቻ። የአክስቴ ልጅ ከስር «የኛውም ያው ነው፣ ወር ገብቶ አሥር ቀን ካላለፈ ብር አናይም፣ ስንጠይቃቸው ይቆጣሉ» ብላ ጻፈች። ፕሮፋይሏ ሎክ ነው። ፖስቱም ለጓደኞች ነው። ጥንቃቄዋ የሚነቀፍ አልነበረም። ከወራት በኋላ ፖስቱ በሰው ተወደደና «ፐብሊክ አድርጊውና ሼር እናድርገው» የሚል ጥያቄ በዛ። የፖስቱ ባለቤት ቀየረችው። ክፋት አላሰበችም፤ ከስር የማን ኮመንት እንዳለም አላስታወሰችም። ፖስቱ ከአንዱ አንዱ ጋ እየዞረ የአክስቴ ልጅ የምትሠራበት ድርጅት ውስጥ ያለ አንድ ሰው ጋ ደረሰ። ስክሪንሾቱ ጠረጴዛ ላይ ታትሞ ቀረበላት።

በማግስቱ እኔ ጋ መጣች። «እኔኮ ሎክ ነኝ! እንዴት አገኙት?» አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ ፖስቱን ከፈትኩላት።

«ከጓደኛሽ ስም ስር ሰዓቱን አየሽው?»

«አዎ።»

«ከሰዓቱ ጎን ያለችውንስ?»

ዓይኗን አጥብባ አየች። ትንሽ ግራጫ ምልክት ናት፤ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ሉል ናት።

«ስትጽፊ ሁለት ሰው ነበረች» አልኳት። «አሁን ሉል ሆናለች። ሉል ከሆነች ፌስቡክ የሌለው ሰው እንኳ ሊያየው ይችላል።»

ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየቻት። ለስንት ዓመት ስልኳ ላይ የነበረች ምልክት ናት፤ ማንም አሳይቷት አያውቅም። ሁለት ሰው ከሆነች የባለቤቱ ጓደኞች ናቸው። የተቆለፈ ቁልፍ ከሆነች ባለቤቱ ብቻውን ነው። ኮመንት ከመጻፋችሁ በፊት የምታዩት እሷን ነው፤ ግን የምትነግራችሁ የዛሬውን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ያ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «ሌላ ቦታ ሎክ ካደረግክ መልስህም አብሮ ይቆለፋል።» እውነት አለው፤ ኤክስ ላይ፣ ማለትም በድሮው ትዊተር፣ ነገሩ እንደዚያ ነው። አካውንታችሁን ከቆለፋችሁ መልሳችሁን የሚያዩት የፈቀዳችሁላቸው ተከታዮች ብቻ ናቸው። የመለሳችሁለት ሰው ራሱ ካልተከተላችሁ አያየውም። እዚያ ቁልፉ አብሯችሁ ይሄዳል። ፌስቡክ ላይ ቤታችሁ ይቀራል። ኢንስታግራምም እንደ ፌስቡክ ነው፦ ፕራይቬት አካውንት ይዛችሁ ፐብሊክ ፖስት ላይ ኮመንት ብትጽፉ ለሁሉም ይታያል። ቲክቶክም ከዚህ አይለይም። አንዱን ሰፈር የለመደ ሰው የሌላውን ሕግ እንደሱ ያደርገዋል፤ ስህተቱ የሚወለደው እዚያ ነው።

የቴሌግራምን አሠራር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ቻናል ላይ ኮመንት ስትጽፉ የምትጽፉት ከቻናሉ ጋር በተያያዘ ግሩፕ ውስጥ ነው። ግሩፑ ፐብሊክ ከሆነ አባል ያልሆነ ሰውም ገብቶ ያነበዋል። ከስምንት ወር በፊት የጻፋችሁትንም ያነበዋል። ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያየው የሚወስነው ደግሞ ሌላ ሴቲንግ ነው። ሄዳችሁ እዩት።

ሌላው የሚደባለቀው ነገር መመለስና ማየት ነው። «ኮመንት ዘግቼዋለሁ፣ ስለዚህ ችግር የለውም» የሚል ሰው በየስልጠናው ይገጥመኛል። ኮመንት ስትዘጉ ሰው እንዳይመልስ አደረጋችሁ። እንዳያይ አላደረጋችሁም። ብሎክ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፌስቡክ ላይ ብሎክ ያደረጋችሁት ሰው በዚያ አካውንቱ የጻፋችሁትን አያይም። ኤክስ ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ብሎክ የተደረገ ሰው ፐብሊክ ፖስቶችን እንዲያይ ፈቅዷል፤ መመለስ ነው የማይችለው። የድሮውን ብሎክ አምኖ ዛሬም እዚያ የሚጽፍ ሰው አለ።

«ጓደኞች ብቻ» የሚለውም ቢሆን ቁጥሩን አይተን እንናገር። ፌስቡክ የሚፈቅደው የጓደኛ ጣሪያ 5,000 ነው። እኛ ጋ ጣሪያው የሞላባቸው ብዙ ናቸው። የሰርግ ድንኳን እንኳ 5,000 ሰው አይዝም። «የጓደኞች ጓደኞች» የሚለውን ከመረጣችሁ ደግሞ አስሉት፤ 500 ጓደኛ ቢኖራችሁ፣ እያንዳንዳቸው 300 ቢኖራቸው፣ የሚደጋገመው ሳይቀነስ 150,000 ሰው ነው። የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ማለት ነው።

5,000 ሲነሳ አንድ የማልተወው ነገር አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከተሰራጨ ቅጣቱን ከበድ ያደርገዋል። ይህን ሰምተው «እኔ 200 ተከታይ ነው ያለኝ» ብለው የሚዝናኑ ሰዎች አሉ። የሕጉን ትርጓሜ ለሕግ ባለሙያ እተወዋለሁ። ከሙያዬ የምናገረው ግን የተከታይ ቁጥርና የአንባቢ ቁጥር አንድ አለመሆናቸውን ነው። 200 ተከታይ ያለው ሰው ሚሊዮን ሰው በሚከተለው ፔጅ ላይ ኮመንት ሲጽፍ፣ የሚያነበው የፔጁ ሰው ነው።

ሴቲንጉን በትክክል አስተካክላችሁም ቢሆን ማሽኑ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ፌስቡክ ላይ በተፈጠረ ስህተት የ14 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ ፖስት ሳያውቁት ፐብሊክ ሆኖ እንዲነሳ ተደርጎ ነበር። አካውንታቸውን እ.ኤ.አ. ከ2014 በፊት የከፈቱ አዋቂዎችም ይህን ልብ ይበሉ፤ ያኔ የአዲስ አካውንት መነሻው ፐብሊክ ነበር። ነክተው ያልቀየሩት ሰው ካለ ዛሬ ይየው።

ለማጣራት ሲሞክሩም ሰዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። «ቪው አዝ» የሚለውን ተጭነው ፕሮፋይላቸውን እንደ እንግዳ ሰው ያዩታል። ባዶ ይሆንላቸዋል። «ይኸው፣ ምንም አይታይም» ብለው ይተኛሉ። ቪው አዝ የሚያሳየው የራሳችሁን ቤት ከውጪ ነው። በሰው ድንኳን ውስጥ የተናገራችሁትን አያሳይም። እሱ የሚገኘው «አክቲቪቲ ሎግ» ውስጥ ነው። ፕሮፋይላችሁ ላይ ሦስቷን ነጥብ ስትነኩ ይመጣል። እዚያ ኮመንቶች የሚለውን ስትከፍቱ የት ምን እንዳላችሁ በየቀኑ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ማጥፋትም ከዚያው ይቻላል። ያጠፋችሁት ኮመንት ከፖስቱ ላይ ይነሳል። ቀድሞ ማሳወቂያ ሆኖ በሰው ስልክ የደረሰውንና ስክሪንሾት የተነሳውን ግን አትመልሱትም።

የአክስቴ ልጅ ያን ቀን እኛ ቤት አመሸች። ቡና ተፈልቶ እስከ በረካው ድረስ ስልኳን አልለቀቀችም። ከላይ ወደ ታች እየሳበች አንድ በአንድ አየቻቸው። አብዛኛው «እንኳን ደስ አለሽ» እና «ነፍስ ይማር» ነው። እነሱን ተወቻቸው። ስለ ሥራ የጻፈቻቸው አሥራ አንድ ሆነው ተገኙ። እያንዳንዱን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ከሰዓቱ ጎን ያለችውን ምልክት ነበር። ዘጠኙ ሉል ናቸው።