ዘመናችንን መቁጠር አስተምረን

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ ሠለስቱ ምእት፣ በታሰቡበት ጉባኤ፣ አንድ ወጣት ወንድማችን ተነሥቶ የኒቅያ ጉባኤ በ325 እ.ኤ.አ. መደረጉን ከተናገረ በኋላ «ይህም ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ነው» ሲል ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ልጁ ተቀምጦ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጻፈውን «3ኛ» ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሲሰርዘው አየሁ።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከሳቁት መካከል ምክንያቱን የሚያስረዳ ስንቱ ነበር? ክፍለ ዘመን የሚጠራው ባለቀው መቶ ሳይሆን በተጀመረው ነው። ሕፃን አንድ ዓመት ሲሞላው ሁለተኛ ዓመቱን እንደሚጀምር ሁሉ፣ ከ1 እስከ 100 ያለው የመጀመሪያው፣ ከ101 እስከ 200 ያለው ሁለተኛው ይባላል። ዜሮ የሚባል ዓመት ስለሌለ 2000 ራሱ የሃያኛው መጨረሻ እንጂ የሃያ አንደኛው መጀመሪያ አይደለም። በ325 ሦስት መቶ ዓመት አልፎ አራተኛው ተጀምሯል፤ በእኛ አቆጣጠር ወደ 317 ቢወርድም ከአራተኛው አይወጣም። ከልደት በፊት ያለው ደግሞ ወደ ኋላ ስለሚቆጠር፣ ኢየሩሳሌም የፈረሰችበት 586 የሚገኘው በስድስተኛው ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ያላለቀ ዘመን አስቀድሞ ስሙን መያዙ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስን አስቡት። በኒቅያ ዲያቆን ሆኖ ተገኘ፣ በ328 በእስክንድርያ መንበር ተቀመጠ፣ አምስት ጊዜም ተሰደደ፤ ከ45 የጵጵስና ዓመታቱ 17 ያህሉን ያሳለፈው በስደት ነው። እኛ ዛሬ አራተኛውን ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ድል የታየበት ብለን በአንድ ቃል እንጠራዋለን፤ እርሱ ግን የኖረው በመካከሉ ነበር፣ ነገሥታት የወልድን አምላክነት ከካዱት ከአርዮሳውያን ጋር ሲቆሙ እያየ፣ ፍጻሜውን በዓይኑ ሳያይ። በ373 ዐረፈ፤ የኒቅያን ሃይማኖት ያጸናው የቁስጥንጥንያ ጉባኤ የተደረገው ከስምንት ዓመት በኋላ በ381 ነው።

ሙሴ በመዝሙሩ ዕድሜያችን ሰባ፣ ቢበረታም ሰማንያ እንደ ሆነ ከተናገረ በኋላ ነው ዘመናችንን መቁጠር አስተምረን ብሎ የለመነው። አንድ መቶ እንኳ የማንሞላ ሰዎች ነን። ሙሴ ቁጥርን የለመነው ልቡ ጥበብን እንዲያገኝ ሲሆን እኛ ግን በቁጥር ወንድማችንን አሳፈርን፤ ይህ ልቤን ያቆስለዋል። በ325 መጀመሪያ ላይ 3 ያየ ሰው ሦስተኛ ቢል ምን ያስደንቃል? ሁላችንም አንድ ቀን እንዲሁ ብለን ነበር፤ ያረመን ሰው በፍቅር አረመን እንጂ አልሳቀብንም።

ባለፈው እሑድ ቦታው ባዶ ነበር። የሳቃችሁ ሁሉ ይህ ሳምንት ሳያልቅ ሄዳችሁ ይቅር በለን በሉት፤ በሚመጣው ጉባኤም መካከላችሁ አስቀምጡት።