«የቄሳርን ለቄሳር» ማለት ምንድን ነው?

ሰው ሲፈናቀል ወይም የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀር አንድ ክርስቲያን «ይህ ግፍ ነው» ካለ፣ «የቄሳርን ለቄሳር ተብሏል፤ አንተ ጸሎትህን ያዝ» የሚለው አይጠፋም። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህችኑ ጥቅስ መዝዞ የጦፈ ውይይት ዘጋባት። አዲስ ኪዳን ለሚያስተምር ሰው ይህ ያንገበግባል።

ታሪኩ በማቴዎስ 22 ነው፤ ፈሪሳውያን የላኳቸው ሰዎች ለሮም ንጉሠ ነገሥት ለቄሳር ግብር መክፈል ይገባ እንደሆነ ጌታ ኢየሱስን ጠየቁት። የሚዘነጋው ጥያቄው ወጥመድ መሆኑ ነው። ሮም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ6 ዓ.ም. የይሁዳን አገር በቀጥታ መግዛት ስትጀምር ሕዝቡን ለግብር ቆጠረች፤ የገሊላው ይሁዳ የተባለ ሰውም በዚሁ ሳቢያ አመፀ። ስለዚህ ጌታ «ክፈሉ» ቢል ሕዝቡ ይሸሸዋል፣ «አትክፈሉ» ቢል ገዢው ይይዘዋል። እርሱ ግን የግብሩን ሳንቲም አሳዩኝ አለ፤ ዲናር የሚባለውን የሮም ሳንቲም አመጡለት፤ መልኩ የቄሳር ነው ሲሉትም «የቄሳርን ለቄሳር፣ የእግዚአብሔርንም ለእግዚአብሔር አስረክቡ» አላቸው። የቄሳር መልክ ያለበትን ሳንቲም ያቀረቡት ጠያቂዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ጌታ በቤተ መቅደስ ሲያስተምር። (ብዙዎቻችን የጢባርዮስ ዲናር ነው እንላለን፤ ወንጌሉ ግን የየትኛው ቄሳር መልክ እንደ ነበረበት አይነግረንም።)

አስተያየት ሰጪያችን ጥቅሱን እንደ ድንበር ድንጋይ ያነበዋል፦ ወዲህ የእግዚአብሔር ማሳ፣ ወዲያ የቄሳር ማሳ። ቄሳር ግን ጎረቤት ሳይሆን ጭሰኛ ነው። «ምድርና ሞላዋ ለእግዚአብሔር ናት» እያለ የሚዘምር ሕዝብ ከዚህ ሌላ ምን ሊረዳ ይችላል? ጭሰኛ ካረሰው ድርሻ አለው፤ ግብር የምንከፍለውም ለዚህ ነው። መሬቱን ግን በስሙ ማዞር አይችልም፤ የባለቤቱ ልጆች ሲራቡም «ከማሳዬ ውጡ» ሊላቸው አይገባም። («መሬት ለአራሹ» ብላችሁ የተሰለፋችሁ ምሳሌውን ይቅር በሉኝ።)

ታዲያ የእግዚአብሔር የሆነው ምንድን ነው? የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱልያኖስ የቄሳር መልክ ያለበት ሳንቲም ለቄሳር፣ የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ሰው ለእግዚአብሔር ይሰጥ ብሎ ተረጎመው። ንባቡ ይህን በግልጽ አይልም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ፈጠረ የሚለውን ዘፍጥረት 1፥27ን ለሚያውቅ ሰው ትርጓሜው ሩቅ አይደለም። የተፈናቀለው ሰው ከቄሳር ድርሻ ውስጥ አይቆጠርም።

ጥቅሱ «ዝም በል» ማለት ቢሆን ኖሮ አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. ለጣልያን አስተዳደር ገብረው አርበኞችን ማውገዝ ነበረባቸው። እምቢ ብለው ተረሸኑ። ያን ጊዜ «የቄሳርን ለቄሳር» ብሎ የሚገሥጻቸውን ሰው ዛሬ ማን ይወድደዋል?

ሕገ መንግሥቱን የሚጠቅሱም አሉ። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ምእመኑ ግን ዜጋም ነው፤ የመምረጥና የመመረጥ መብቱ በአንቀጽ 38 ተጽፏል። የሕግ ሰው አይደለሁምና ከዚህ አልገፋም።

ደግሞ ይህን ሰምቶ ዐውደ ምሕረቱን የፓርቲ መድረክ ሊያደርግ የሚነሣ አለ። እርሱም ረጋ ይበል። ኢሳይያስ 10 የድሃውን ፍርድ የሚያጣምም ሕግ በሚጽፉ ላይ ወዮታ ያወርዳል፤ ስለዚህ መበለቲቱና ድሃ አደጉ ከአስፋልቱና ከሕንጻው ይቀድማሉ። የዳቦ ድጎማ ይሻላል ወይስ የሥራ ዕድል ለሚለው ግን ነቢዩ መልስ አልጻፈልንም። አብረው የቆረቡ ሁለት ሰዎች በዚህ ተከራክረው ለተለያዩ ፓርቲዎች ድምፅ ቢሰጡ አንዱ ሌላውን ከሃዲ የሚልበት ምክንያት የለውም።