የአምፕሊፋየር «ክላስ» ምን ማለት ነው?

አምፕሊፋየር የሙዚቃውን ሲግናል አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ከ«ክላስ» ቀጥለው የሚመጡት ፊደሎች (ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ዲ) የጥራት ደረጃ አይደሉም፤ የሚናገሩት ስለ አሠራር ነው። «ዲ»ም ዲጂታል ማለት አይደለም።

በክላስ ኤ ትራንዚስተሩ (ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠረው ክፍል) ሙዚቃ ኖረም አልኖረም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ይግላል። በክላስ ቢ ሁለት ትራንዚስተሮች የሞገዱን የላይና የታች ግማሽ ይካፈላሉ፤ በሚረካከቡበት ቅጽበት ትንሽ መዛባት ይፈጠራል። ድምፁ ሲቀነስ ይህ መዛባት ከሙዚቃው አንጻር ጎልቶ ይወጣል፤ ሌሊት ቀስ አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። ክላስ ኤቢ ሁለቱንም ትራንዚስተሮች በጥቂቱ ክፍት አድርጎ ርክክቡን ያለሰልሳል። በክላስ ዲ ትራንዚስተሮቹ በከፍተኛ ፍጥነት እየበሩና እየጠፉ ይሠራሉ፤ ብዙም አይግሉም።

በዝቅተኛ ድምፅ ለአብዛኛው ስፒከር 1 ዋት እንኳ ይበቃዋል። እኔ ከዋቱ በፊት ጸጥታውን እፈትሻለሁ፦ ሙዚቃውን አቆማለሁ፤ ከመቀመጫዬ ሆኜ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰማሁ አምፕሊፋየሩን አልገዛውም።