የሱለይማኒያ ጥላሸት

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

በኩራዝ ያጠና ሰው ጥላሸትን ያውቀዋል። ጠዋት ስትነሳ አፍንጫህ ውስጥ ታገኘዋለህ። ግድግዳውም ላይ፣ ኩራዙ ካለበት ወደ ላይ፣ ጥቁር ምላስ የሚመስል ነገር ተስሎ ያድራል። እናቶቻችን በእርጥብ ጨርቅ ይፈትጉታል። አይለቅም፤ ጭራሽ ይሰፋል።

እስቲ ያንን ኩራዝ በብዙ መቶ አባዙት። ኢስታንቡል ያለው የሱለይማኒያ መስጂድ የተሠራው ከ1550 እስከ 1557 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ኤሌክትሪክ የለም። መግሪብም ዒሻእም ሱብሒም የሚሰገደው በዘይት መብራት ነው። ጉልላቱ ከወለሉ 53 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ከጎን እስከ ጎን ስፋቱ 26 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ጥላሸት ቢበላው ማን ወጥቶ ይፈትገዋል?

ሥራውን የመራው ሚዕማር (የሕንፃ ባለሙያ) ሲናን ነገሩን ቀድሞ አስቦበታል። አየሩ ጭሱን እየጎተተ ከዋናው በር በላይ ወዳለች አንዲት ክፍል እንዲወስደው አድርጎ ሠራው። ጥላሸቱ እዚያ ይጠራቀማል። ከዚያ ይፋቅና ቀለም ይበጠበጥበታል፤ ጸሐፊዎች ይጽፉበታል። ይህ ለወሎ ደረሳ (የቁርኣን ተማሪ) ብዙም አይደንቀው ይሆናል። እሱም ጥላሸት በጥብጦ ሉሕ (የእንጨት ሰሌዳ) ላይ ቁርኣን የጻፈ ነው። የሲናን ልዩነቱ፣ ቆሻሻው ገና ሳይፈጠር ማረፊያውንና ጥቅሙን አብሮ ማሰቡ ነው።

እኔን የያዘችኝ ግን ያቺ ክፍል ናት። ሰጋጁ በሥሯ ያልፋል እንጂ አያያትም። ገብቶ ጉልላቱን ያያል፣ ሱብሓነላህ ይላል። «ግድግዳው ለምን አልጠቆረም?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሐዲሠ ጅብሪል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኢሕሳን (አሳምሮ ስለ መሥራት) ሲጠየቁ፣ አላህን እንደምታየው ሆነህ ልትገዛው ነው፣ ባታየው እንኳ እርሱ ያይሃልና ብለዋል። ይህን ሐዲሥ ስንሰማ ሐሳባችን ቶሎ ወደ ሶላት ይሄዳል። ጭስ ማውጫ ላይም ይሠራል።

ስለ መስጂዱ ድምፅም ቱርኮች የሚያወሩት አንድ ወግ አለ። እውነት ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። «ሲናን መስጂዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሺሻ ያጨሳል» የሚል ወሬ መስጂዱን ላሠራው ለሱልጣን ሱለይማን ይደርሳል። ሱልጣኑ ተቆጥቶ ይመጣል። እውነትም ሲናን ከጉልላቱ ሥር ቧንቧዋን ይዞ ያንቦጫቡጫል። ግን እሳትም ትንባሆም የለም፣ ውሃ ብቻ! የውሃው ድምፅ ጥግ ድረስ መድረሱን እያዳመጠ ነበር። የኢማሙ ቁርኣን መጨረሻ ሶፍ ላይ ላለ ሽማግሌ እንዲደርስ ማለት ነው። ወጉን እንተወውና፣ ጉልላቱ ውስጥ ድምፅ እንዲያስተጋቡ የተቀበሩ ባዶ ማሰሮዎች አሉ። እነሱም አይታዩም።

ወደ ራሳችን ስንመጣ ግን ነገሩ ያሳፍራል። ስሙን አልጠራም እንጂ፣ አንድ የማውቀው መስጂድ ሦስት ጁሙዓ ሙሉ ለአምፑል ጌጥ ገንዘብ ተሰበሰበበት። ጌጡ ተሰቀለ፣ ያምራል። የውዱእ ቦታው ቧንቧ ግን ያኔም አይሠራም ነበር። ሰዉ በተቀደደ ጄሪካን ተራ ይጠብቃል። እኔም ለጌጡ ከፍያለሁ፤ ስለ ቧንቧው ትንፍሽ አላልኩም። ጌጡ ላይ ስንሰጥ ሰው ያየናላ!

ሱለይማኒያ ደግሞ መስጂድ ብቻ አይደለም። ዙሪያውን መድረሳዎች፣ ሐኪም ቤት፣ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ መታጠቢያ፣ የመንገደኛ ማረፊያና ምግብ የሚታደልበት ትልቅ ማድቤት ነበሩት። ሁሉም በወቅፍ (ለአላህ ተብሎ በተሰጠ ንብረት) ይተዳደር ነበር። ውበቱን የሚያወሱ ሰዎች ማድቤቱን ሲዘሉት ቅር ይለኛል።

ሲናን ከክርስቲያን ቤት ለሱልጣኑ ጦር ተመልምሎ የመጣ፣ ድልድይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሱለይማኒያን ሲጨርስ ዕድሜው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነበር። እንደሚባለው ግን ይህን ሥራ «ገና የረዳትነት ሥራዬ» ይለው ነበር። የዋና ባለሙያነት ሥራዬ ያለው ከዚያ በኋላ ኤዲርኔ ከተማ ላይ የሠራውን የሰሊሚያ መስጂድ ነው።

ሲናን በ1588 እ.ኤ.አ. ሞተ። ሱልጣኑ የተቀበረው ከመስጂዱ ጀርባ ባለው የአትክልት ስፍራ፣ ጉልላት ባለው ትልቅ መቃብር ውስጥ ነው። የሲናን መቃብር ግን ከግቢው ውጪ፣ ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ናት። ትንሽ ናት። ከጥጓ ላይ ሰቢል አለ፤ መንገደኛ ውሃ እንዲጠጣበት የተሠራ።