የልምምድ ምጥ ምንድን ነው?

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 36ኛው ሳምንት ላይ ነበርኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሆዴ ድርቅ አለብኝ። ድንጋይ ሆነ፣ ትንሽ ቆየና ለቀቀኝ። ደግሞ መጣ። እማዬ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እያለች ነጠላዋን አነሳች፣ ባለቤቴ ባጃጅ ፍለጋ እዚሁ ሐዋሳ ወዳለው አቶቴ መንገድ ሮጠ፣ እኔም ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጭኩ ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ሄድኩ። ሐኪም ቤት ደርሼ ተመረመርኩ። «የማህፀንሽ በር አልተከፈተም፣ የውሸት ምጥ ነው፣ ቤትሽ ግቢ» ተባልኩ። በቃ። ከምን እንደመጣ፣ ከእውነተኛው በምን እንደሚለይ ያስረዳኝ ሰው የለም። ስመለስ ያለቀስኩት አሞኝ አይደለም፣ አፍሬ ነው።

ያኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ።

ማህፀን ጡንቻ ነው። ይኮማተራል፣ ይላላል። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ለመውለድ ቀን ብቻ አይደለም፣ ቀደም ብሎም አልፎ አልፎ ይጨመደድና መልሶ ይፈታል። አንዳንዷ መጨመደዱ ሳይሰማት እስከ መውለጃዋ ትደርሳለች። ብዙዎቻችን ግን በመጨረሻዎቹ 3 ወራት፣ በተለይ ወራችን ሲገባ፣ በደንብ ይሰማናል። ሐኪሞች ብራክስተን ሂክስ ይሉታል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1872 ስለዚህ ነገር ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም የመጣ ነው። እኛ ጋ የውሸት ምጥ ይባላል። እኔ ይህን ስም አልወደውም። ሆዷ የጠነከረባት ሴት አልዋሸችም፣ ጡንቻዋ በእርግጥ ተኮማትሯል። «የልምምድ ምጥ» ብንለው ይሻላል።

በልምምዱ ጊዜ የማህፀን በር አይከፈትም። ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። እውነተኛው ምጥ በሩን እያሳሳ፣ እያሰፋ፣ በመጨረሻ 10 ሴንቲ ሜትር ያደርሰዋል። ግን በሩን አንቺ ቤትሽ ሆነሽ አታይውም። ስለዚህ የምትይዢው ሰዓት ነው።

ስልክሽን አውጪ። ሆድሽ መጠንከር ሲጀምር ሰዓቱን ጻፊ፣ ሲለቅሽም ጻፊ። ቀጥሎ ሲጀምር እንደገና። ርቀቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው መነሻ እስከ ቀጣዩ መነሻ ነው (እኔ ከማብቂያው እየቆጠርኩ ነበር፣ ለዚህ ነው ሁሉም ነገር የተምታታብኝ)። የልምምድ ምጥ ሥርዓት የለውም። አንዴ በ10 ደቂቃ ይመጣል፣ ቀጥሎ በ25፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። ግማሽ ደቂቃም ሊቆይ ይችላል፣ ሁለት ደቂቃም። ብዙ ጊዜ ከፊት ነው የሚሰማሽ። እውነተኛው ግን ፋታው እያጠረ፣ ሕመሙ እየበረታ፣ ቆይታው እየረዘመ ይሄዳል። ብዙዎች ከወገብ ተነስቶ ወደ ፊት ይዞራል ይላሉ። ብትተኚም ብትራመጂም አይተውሽም፣ ሲፋፋም ደግሞ ወሬሽን ያስቋርጥሻል።

በእጅሽም መለካት ትችያለሽ። ጉንጭሽን ንኪ፣ ከዚያ ግንባርሽን ንኪ። ማህፀን ሲላላ እንደ ጉንጭ ነው፣ በደንብ ሲኮማተር እንደ ግንባር። ጽንሱ ሲገላበጥ ግን አንድ ጎን ብቻ ነው የሚያብጠው፣ ሆዱ በሙሉ አይጠነክርም።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ልምምዱን የሚያባብሰው ነገር በእጃችን ነው። የየካቲትና የመጋቢትን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ውሃ ያነሰው ሰውነት ማህፀኑን ያስቆጣል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ቆመሽ ውለሽ፣ ወይ ከመናኸሪያ ገበያ ዕቃ ተሸክመሽ መጥተሽ፣ ወይም በጾም ምክንያት ውሃ ሳትቀምሺ ከሰዓት በኋላ ደርሰሽ ሆድሽ ቢጠነክር አይግረምሽ። ሽንት መያዝም ያመጣዋል፣ ግንኙነትም እንደዚሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ሽንት ቤት ሂጂ። አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጪ። ቆመሽ ከነበር በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ተኝተሽ ከነበር ተነስተሽ ቀስ ብለሽ ተራመጂ። ልምምድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይተውሻል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልበልሽ። ይህ ሁሉ «ጠብቂ» የሚለው ምክር የሚሠራው 37 ሳምንት ከሞላሽ ነው። ከዚያ በፊት ሆድሽ በሰዓት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከጠነከረ ልምምድ ነው ብለሽ አትቀመጪ። ያለ ቀኑ የመጣ ምጥ ሊሆን ይችላል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያስነሳዋል። እኔም በዚያ ሌሊት መሄዴ ልክ ነበር። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

37 ሳምንትሽን የማታውቂው ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው። የመጨረሻ የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ያዢ። 9 ወር ቁጠሪ፣ ከዚያ 10 ቀን ጨምሪ። የመውለጃ ቀንሽ እሱ ነው፤ መስከረም 1 ከሆነ ሰኔ 11 ነው ማለት ነው። በመሃል ጳጉሜ ካለች 10 ሳይሆን 5 ቀን ነው የምትጨምሪው፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ 4። ከዚያ 3 ሳምንት ወደ ኋላ ተመለሺ፣ 37 ሳምንትሽ እሱ ነው።

ሳምንቱ የትም ይሁን የት፣ ሰዓት ሳትቆጥሪ የምትሄጂባቸውም አሉ። ደም ካየሽ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ጠብ ጠብ ቢልም እንኳ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት እብጠት ከመጣ። ሆድሽ ጠንክሮ አልላላ ካለም እንዲሁ።

የመጀመሪያ ልጅ ከሆነና ሁሉም ደህና ከሆነ፣ ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ አንድ አንድ ደቂቃ እየቆየ አንድ ሰዓት ከሞላው መሄጃሽ ነው የሚል የቆየ መለኪያ አለ። ሁለተኛ ሦስተኛ ልጅ ከሆነ ግን አትጠብቂው፣ ይፈጥናል። ከከተማ ወጣ ብለሽ ሐዋሳ ዙሪያ የምትኖሪም ብትሆኚ አትጠብቂው። ቀንሽ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ካለው ጤና ጣቢያ ገብተሽ መቆየት ትችያለሽ። የባጃጅ ሹፌር ስልክ ደግሞ ቀድመሽ ያዢ፣ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት።

የእኔ እውነተኛው ምጥ የመጣው ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ሊነጋ ሲል። እንደገና «ሂጂ» እባላለሁ ብዬ ፈርቼ ለማንም ሳልናገር ሁለት ሰዓት ያህል ብቻዬን ቆየሁ። እማዬ ናት ግድግዳ ይዤ ስቆም ያየችኝ። ስልኬን ሰጥቻት ሰዓት እንድትይዝልኝ ስነግራት «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለችና ሳቀች። ግን መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አንድም ሳታዛንፍ ጻፈችው። 7 ደቂቃ፣ 6፣ 6፣ 5። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ «ተነሺ» አለችኝ።